በጓሮ ግንብ ላይ የተከፈተ በር

የትምህርት ጽሕፈት ቤቱን የፕላን ባለሙያ ባልደረቦቿ «ቆጣሪዋ» ይሏት ነበር። በየዓመቱ ስንት ልጅ አንደኛ ክፍል እንደሚገባ፣ ስንት ክፍልና ስንት አስተማሪ እንደሚያስፈልግ አስቀድማ መናገር ሥራዋ ነው። ያን ዓመት ግን ወረቀቱ አላምር አላት። በከተማው ዳርቻ ለተሠሩት አዲስ ሕንፃዎች የተያዘው የስድስት ዓመት ልጅ ስልሳ ብቻ ነበር። ቁጥሩ የወጣው ደግሞ ሰፈሩ ገና ባዶ ሜዳ ሳለ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ነገሩን በዓይኗ ልታይ ሄደች። የመጀመሪያውን ሕንፃ ደረጃ ስትወጣ በየበሩ የተደረደሩት ትንንሽ ጫማዎች መርገጫ አሳጧት። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ሴት ልጆች ወለሉን በጠመኔ ሞልተውት አገኘቻቸው።

«ስንት ዓመታችሁ ነው?»

«እኔ ስድስት። እሷም ስድስት ነኝ ትላለች፤ ግን ጥርሷ አልወለቀም» አለች አንደኛዋ።

ቆጣሪዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ ሰፈሩ ጤና ጣቢያ አመራች። የክትባት ነርሷ መዝገቧን ገለጠችላት።

«እህቴ፣ ይሄ እዚህ የተወለዱትን ብቻ ነው የሚነግርሽ። ከሌላ ቦታ የመጡትን ከፈለግሽ በር ማንኳኳት ነው። አብሬሽ እዞራለሁ፤ እኔን የማያውቅ የለም። ልጆቹ ግን መርፌ የያዝኩ እየመሰላቸው አልጋ ሥር ይገባሉ።»

ሁለቱ አምስት ቀን ሙሉ ከሥራ ሲወጡ እየተገናኙ በር አንኳኩ። አልጋ ሥር የገቡትም እየተጎተቱ ወጥተው ተቆጠሩ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ሆኑ።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ቁጥሩን ሲያይ መነጽሩን አወለቀ። «አንቺ ልጅ፣ በሁለት ወር ውስጥ ትምህርት ቤት ከየት ላምጣልሽ? ከሰማይ ላውርደው?»

«ማምጣት አያስፈልግዎትም። አሮጌው ትምህርት ቤት አለ።»

የአሮጌው ትምህርት ቤት ሰፈር ልጆች አድገው ስለተበተኑ ስድስት ክፍሎቹ ተቆልፈዋል፤ ጭራሽ ሊዘጋም ታስቦ ነበር።

«እሱማ የአርባ ደቂቃ መንገድ ነው» አለ ኃላፊው።

«በፊት ለፊቱ በር ዞረው ሲሄዱ ነው እንጂ። የጓሮ ግንቡ ከሕንፃዎቹ ጋር ጀርባ ለጀርባ ነው። እዚያ ላይ በር ብንከፍት አምስት ደቂቃም አይፈጅም።»

ኃላፊው ያላየውን የሚያምን ሰው አልነበረምና በማግስቱ አብሯት ሄደ። አራተኛ ፎቅ ድረስ እያለከለከ ወጥቶ በመስኮት ቁልቁል ተመለከተ። የትምህርት ቤቱ ግቢ እግሩ ሥር ወለል ብሎ ተኝቷል።

«እኛ ጋ ያለው ካርታ ላይ እኮ ሁለቱ ሰፈሮች ሌላ ሌላ ገጽ ላይ ናቸው» አለ እንደ ማፈር ብሎ። እዚያው ቆሞ ግንበኛ አስጠራ።

የአሮጌው ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር የመዘጋቱን ደብዳቤ ሲጠብቁ የከረሙ ሽማግሌ ነበሩ። ቆጣሪዋ ልታበስራቸው ስትገባ መጻሕፍት በካርቶን እያሸጉ አገኘቻቸው።

«ስንት ልጅ አልሽኝ?»

«ሁለት መቶ አሥራ አራት።»

«እስቲ ድገሚልኝ የኔ ልጅ።»

ጆሯቸው የደከመ መስሏት ጮክ ብላ ደገመችላቸው።

«ሰምቼሻለሁ። ደስ ስላለኝ ነው» አሉና የካርቶኑን ገመድ መፍታት ጀመሩ።

የምዝገባው ቀን ጠዋት ሲሚንቶው ገና ባልደረቀው በር ሕዝቡ ጎረፈ። ከፊሉ ልጁን በእጁ ይዞ፣ ከፊሉ ታናሽየውን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ነበር። ነርሷን ያዩ ሦስት ልጆች የእናቶቻቸው ቀሚስ ውስጥ ተሸጎጡ። ምዝገባው ሲያበቃ የተመዘገበው ሁለት መቶ ሃያ ዘጠኝ ደረሰ።

«አሥራ አምስት ተሳስተሻል» አላት ኃላፊው እየሳቀ።

«ባለፈው ሳምንት የገቡ ናቸው። መኪናው ዕቃቸውን አራግፎ እንኳ አልጨረሰም።»

ርዕሰ መምህሩ ከመምህራን ክፍል አግዳሚ ወንበር እየጎተቱ መጡ። ዕድሜያቸውን የረሱት ይመስል የማንንም እርዳታ አልጠበቁም። ቆጣሪዋ ሮጣ በሌላው ጫፍ አነሳችላቸው። ሰልፉ መጨረሻ ላይ ልጇን አስመዝግባ የጨረሰች ነፍሰ ጡር ሴት መንገድ ለቀቀችላቸውና ሆዷን መታ መታ አደረገች።

«ይሄንንስ አትጽፊልኝም?»

ሰዉ ሳቀ። ቆጣሪዋ ግን ወንበሩን አስቀምጣ ደብተሯን አወጣች።

«ስንተኛ ወርሽ ነው?» አለቻት።