የአንድዬ ተራ

ልብስ ሰፊዋን ባሏ «እመት ምናልባት» ይላታል። ደመና ካየች ጎርፍ ይታያታል፤ ልጇ ካስነጠሰች የሳንባ ምች። ስልክ ሲጠራ ገና ሳታነሳው ማን እንደሞተ ትገምታለች። እሷ ግን በዚህ አታፍርም። «ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለእኔ ቢጤ ነው» ትላለች።

የዚያን ሰሞን ግን የሚያስጨንቅ ነገር በርግጥም መጣባት። አንድያ ልጇ የአውቶቡስ ሹፌርነት ፈተናውን አልፋ ሰኞ ሥራ ልትጀምር ሆነ። ቤት የሚያህል መኪና! ያን ሁሉ ሰው ጭና! ልጅቷ እየዘለለች ገብታ «አለፍኩ! እማዬ፣ መርቂኝ» ስትላት እናት እጇን አንስታ አስቆመቻት።

«ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ አንድዬን ልጠይቀው።»

«ጠይቂው። ግን ሳትመርቂኝ መሪ አልጨብጥም፤ እወቂው።»

ጣጣው ይኼ ነው። ብትመርቃት ልጇን በገዛ አፏ ለአደጋ የሰጠቻት ይመስላታል። ባትመርቃት ደግሞ ልጅቷ ቃሏን የምታጥፍ አይደለችም፤ ያ ሁሉ ልፋት ሜዳ ላይ ሊቀር ነው።

እስከዚያ ድረስ ጸሎቷ በየመሀሉ የሚወረወር ነበር። ድስት ስታወርድ «አደራህን»፣ በር ስትቆልፍ «አደራህን»። አሁን ግን በየማለዳው፣ ደንበኛ ሳይመጣ፣ በስፌት ክፍሏ ውስጥ በወጉ ልትጸልይ ቆረጠች። የመጀመሪያው ዕለት ዓይኗን ከመጨፈኗ ያላለቀ ቀሚስ ትዝ አላት። በማግስቱ ራሷን ያገኘችው ወለሉ ላይ ክር ስትለቅም ነው። በስተመጨረሻ «እጄም ይሥራ፣ አፌም ይጸልይ» ብላ ማሽኑ ላይ ተቀመጠችና የልጇን የሥራ ሸሚዝ ማጥበብ ጀመረች።

«አንድዬ፣ ፍሬን እንዳይከዳት። ፍሬኑ ቢይዝላት እንኳ ከኋላ የሚመጣው እንዳይገጫት። ጎማ ቢፈነዳስ? ደግሞ የሰከረ ተሳፋሪ ቢገባስ?...»

ልጅቷ ሸሚዙን ልትሞክር ክንዷን ሰደደች። እጇ አልወጣም። የእጅጌው ጫፍ ጥርቅም ብሎ ተሰፍቷል።

«እማዬ! ምንድን ነው ይኼ? በጆንያ ልትልኪኝ ነው?»

ቧንቧ ሠራተኛው አባት የመሣሪያ ሳጥኑን አስቀምጦ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«እየጸለይኩ እኮ ነው የሰፋሁት!» አለች እናት።

«ታዲያ አንድዬ ምን አለሽ?» አለች ልጅቷ።

«ምንም አላለኝም።»

«በየት በኩል ይበልሽ?» አለ ባሏ። «እኔ ካገባሁሽ ጀምሮ ተራ እየጠበቅኩ ነው። እሱም ከኋላዬ ወረፋ ይዞ ይሆናል።»

እሷም አብራቸው ሳቀች። ነገሩ ግን ውስጥ ውስጡን ሲከነክናት አደረ።

ሰኞ ማለዳ ወደ ክፍሏ ገብታ የማሽኑን ሶኬት ነቀለች። በርጩማዋን ትታ የደንበኞች ወንበር ላይ ተቀመጠች። ልክ ስትወስድ ሁልጊዜ «አታውሩ፣ ልኩን ታሳስቱኛላችሁ» የምትለው ደንበኞቿን ነበር። ዛሬ እሷ ደንበኛ ሆነች።

«እሺ፣ ተናገር» አለችና ዝም አለች።

ዝምታው አስፈራት። «ምናልባት ተቆጥቶኝ ይሆን?» ልትል ነበር፤ ዋጠችው። ውጭ ሰው ደጁን ይጠርጋል። ጎረቤት ባልዲ ውስጥ ውኃ ይወርዳል። «ጎማ ቢፈነዳስ?» ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ፤ እሱንም ዋጠችው።

ከሰማይ ድምፅ አልመጣም። የመጣባት የልጇ ፊት ነው፤ ያን ቀን «አለፍኩ!» ስትል የበራው ፊት። እናት አደጋውን ስታሰላ ሳታየው አልፋው ኖሯል። ስንት ማለዳ «አትውሰድብኝ» ስትል ከረመች፤ አንድ ቀን እንኳ ስለዚያ ደስታ አላመሰገነችም።

«ተመስገን» አለች። ቃሉ ሳታስበው ወጣና እንባዋን አስከትሎ መጣ። ፍርሃቱ የትም አልሄደም። ግን እንደ ተቆጡት ልጅ ጥጉን ይዞ ተቀመጠ።

ልጅቷ ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች። «ዛሬስ ተናገረ?»

«እኔ እንጃ። እኔ ግን ዝም አልኩ።»

«አንቺ? ዝም? አባዬ፣ ተአምር ና እይ!»

«አፍሽን! ነይ፣ ጎንበስ በይ።»

ጎንበስ አለች። እናት ሁለት እጇን የልጇ ራስ ላይ ጫነች።

«መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ። የጫንሻቸውን በሰላም አድርሰሽ በሰላም ግቢ። በሥራሽ ደስ ይበልሽ፣ የኔ ዓለም።»

«አሜን» አለች ልጅቷ፤ ቶሎ ቀና አላለችም። የእናቷን ወገብ አቅፋ ትንሽ ቆየች፤ ከዚያ ሮጣ ወጣች።

እናት ልጇን በዓይኗ ልትከተል ወደ መስኮቱ አልሄደችም። ወንበሩ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። የዕለቱ የመጀመሪያ ደንበኛ በሩን ሲያንኳኳ «መጣሁ» አለች፤ ግን ተራው ገና የአንድዬ ነበርና ወዲያው አልተነሳችም።