ሃያ አራት ኪሎ

ሴራሚክ አንጣፊው አፉን ባይከፍት ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

አባትና ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ አብረው ስፖርት እንዲሠሩ የተጀመረው ፕሮግራም ገና ከጅምሩ ሊፈርስ ምንም አልቀረውም ነበር። አሰልጣኙ ሙዚቃ ከፍቶ ዝለሉ ሲል ልጆቹ ይዘላሉ፤ አባቶቹ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው በግድግዳው ተደርድረው ይቆማሉ። ሰውዬው ብልጥ ነው፤ ሙዚቃውን ዘጋና፣ እስቲ ልጅ ሳላችሁ አባቶቻችሁ ምን ያጫውቷችሁ ነበር፣ እሱኑ እንሥራ አላቸው። ተያዩ። አንድ የታክሲ ሹፌር ጉሮሮውን ጠርጎ፣ የእኔስ ያባርረኝ ነበር አለ። አሰልጣኙ ሩጫ ብሎ ጻፈ። ሴራሚክ አንጣፊው ይሄኔ ነው፣ "እሽኮኮ" ያለው። በመጨረሻው ቅዳሜ እያንዳንዱ አባት ልጁን ትከሻው ላይ አውጥቶ አዳራሹን ሦስት ጊዜ እንዲዞር ተወሰነ።

ሃያ ዓመት ሙሉ ተንበርክኮ ሴራሚክ ሲያነጥፍ የኖረ ሰው መሆኑ ለአንጣፊው ትዝ ያለው ቤቱ ደረጃ ላይ ሲደርስ ነው። ጉልበቱ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ይላል።

መቅረት አይችልም። ከሚስቱ ከተለያየ ወዲህ ልጁን ሚጣን የሚያገኛት ቅዳሜ ብቻ ነው፤ እናቷ ደግሞ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝታ ከመጨረሻው ቅዳሜ ማግስት ይዛት ልትሄድ ነው። ሚጣ ሩቅ ሆና ስታስበው፣ ትከሻው ላይ የወጣችበትን ቀን እንድታስብ ፈለገ።

ስለዚህ ተለማመደ። የሴራሚኩ ካርቶን ሃያ አራት ኪሎ ነው፤ ሚጣም ሃያ አራት ናት። በምሳ ሰዓት ካርቶኑን አንገቱ ላይ ጭኖ ገና ያልተነጠፈውን ሳሎን ይዞራል። አብሮት የሚሠራው ግንበኛ፣ ልጅህ ብትሰነጠቅ ፋብሪካው ይቀይርልሃል ወይ እያለ ያሾፍበታል። በሦስተኛው ሳምንት ሦስት ዙር ሞላለት።

ቀኑ ደረሰ። አባቶቹ ተንበረከኩ። መንበርከኩን እንኳ እሱ ከሁሉም አሳምሮ ያውቅበታል። ሚጣ ግን ከኋላው ቆማ ቀረች።

"ውጪ እንጂ፣ ሚጣዬ።"

"አልወጣም። ትልቅ ሆኛለሁ፣ ያሳፍራል።"

ሹፌሩ ልጁን ተሸክሞ ሲያልፍ፣ አንተንም አባረሩህ ማለት ነው ብሎት አለፈ። እሱ ግድግዳውን ይዞ ተነሳ። ሁለቱም አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሰው እሽኮኮ ተመለከቱ። ልጅቷ ብስኩቷን ለሁለት ከፍላ ትልቁን ሰጠችው።

ሲጨርሱ ጫማዋን ልታደርግ ሄደች። አሰልጣኙ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"አትንገረው ብላኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት፣ ልጅ አባቱን ቢሸከም አይቻልም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ጉልበቱን ያመዋል አለችኝ።"

እናቷ በሩ ላይ ትጠብቃለች። እሱ ምንም እንዳልሰማ ሰው የሚጣን ኮሌታ አስተካከለ።

"እውነትም ትልቅ ሆነሻል" አላት።

"ነገርኩህ እኮ፣ አባዬ" አለች።

ሰኞ ሥራ ገባ። ካርቶኑን ብድግ አድርጎ፣ ልምድ ሆኖበት፣ ሳያስበው አንገቱ ላይ ጫነው። ሁለት እጆቹ ደረቱ ላይ ወርደው፣ የሚጣ እግሮች ሊንጠለጠሉበት በነበረው ቦታ የሚይዙት ነገር አጡ። ግንበኛው ሊያሾፍ አፉን ከፈተና፣ መልሶ ዘጋው።