የሚሰምጥ ፔዳል

ለሦስተኛ ጊዜ ከፍሬኑ አየር እያስወጣን ነበር። እህቴ መሪው ጋ ተቀምጣለች፤ እኔ የፊት ግራ ጎማ የነበረበት ቦታ፣ ጉንጬን የግቢያችን ሲሚንቶ ላይ አድርጌ ተኝቻለሁ። ሥራው የሁለት ሰው ነው። አንዱ ፍሬን ይረግጣል፤ ሌላው ማስተንፈሻዋን ብሎን ላላ ያደርጋል። ዘይቱ አየሩን ይዞ በቱቦ ወደ ጠርሙሱ ይወርዳል፤ ብሎኗ ከጠበቀች በኋላ ነው እግር የሚነሳው።

«ርገጪ።»

«ረገጥኩ።»

«ያዢ።»

«ያዝኩ። ሰመጠ።»

«እንዳትለቂ።»

«አልለቀቅኩም፣ ፕሮፌሰር።»

ቤተሰቡ ፕሮፌሰር የሚለኝ ተምሬ አይደለም። ተሳሳትኩ ብዬ ስለማላውቅ ነው። መኪና መጠገን ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ በነዚህ ዓመታት ጥፋቱ የመለዋወጫው፣ የመንገዱ ወይም የሹፌሩ ሆኖ ኖሯል።

ጠርሙሱ ውስጥ አንድም አረፋ የለም፤ የሚወርደው ንጹህ ዘይት ነው። ብሎኗን አጠበቅኩና «አሁንስ?» አልኳት። ፔዳሉን ሁለት ሦስቴ ረገጥ ረገጥ አደረገችው። «ያው ነው። እርጥብ ፎጣ እንደመርገጥ ነው» አለች።

ደክሞኛል። አባታችን በየሁለት ቀኑ ኩላሊቱን ይታጠባል። ሆስፒታሉ ከከተማው ግርጌ ነው፤ ከቤታችን እስከ በሩ ድረስ መንገዱ በሙሉ ቁልቁለት ነው። ባለፈው ሳምንት ብሶበት አስተኙት፤ እኔም አልጋው አጠገብ ወንበር ላይ እያደርኩ ሰነበትኩ። ቅዳሜ ወደ ቤት እንደመለስነው፣ ዓይኔ እየተከደነ፣ የእህቴን መኪና የፊት ካሊፐሮች ቀየርኩ፤ የፍሬን ሸራውን ገፍተው ዲስኩን የሚያስይዙትን ማለቴ ነው። ፔዳሉ ለስለስ ብሏል ስትለኝ «አዲስ ዕቃ ነው፣ ይለምዳል፤ ዝም ብለሽ ንጂ» አልኳትና ሄጄ ተኛሁ። ሰኞም ረቡዕም አባዬን ይዛ ወረደች። ነገ ዓርብ ነው፤ ነገም ትወርዳለች።

«አረጋገጥሽ ነው ችግሩ» አልኳት ከሥር ሆኜ። «ቶሎ ስለምትለቂው አየሩ ተመልሶ ይገባል።»

«እሺ፣ የኔ እግር ነው።»

«ወይ ደግሞ ዋናው ፓምፕ ነው። የውስጡ ጎማ ተበልቶ ይሆናል።»

«ቅድም እኮ ቱቦው ነው ብለኸኝ ነበር።»

ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ዳስሻቸዋለሁ፤ የሚያፈስ የለም። ዘይቱ ሙሉ ነው። የኋላዎቹም ደህና ናቸው። አንገቴን አሞኝ ልነሳ ስል ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ። ይቺን ብሎን በዕድሜዬ ስንቴ ፈትቻለሁ፤ ግን ቁጢጥ ብዬ ነው እንጂ ተኝቼ አላውቅም። ዛሬ ሦስቴም መሬት ላይ የተዘረጋሁት ለምንድን ነው? እርጅና መስሎኝ ነበር።

ብሎኗ ከታች ናት። ከላይ መሆን ነበረባት። አየር ወደ ላይ ስለሚሸሽ፣ ከታች ስከፍትለት ብውል ዘይት እንጂ አየር አይወጣም። ዞሬ ቀኙን አየሁ፤ እዚያም ከታች ናት። የግራውን ለቀኝ፣ የቀኙን ለግራ ገጥሜያለሁ። ልክክ ብለው ይገባሉ፣ ቱቦውም ይደርሳል፤ ለዚህ ነው ጀማሪ እንኳ ብሎኗን አይቶ የሚገጥመው። እኔ አላየሁም። አባቴንና እህቴን በዚህ ፍሬን ሁለት ቀን ቁልቁል ልኬያቸዋለሁ። እዚያው ቁጭ አልኩ።

«ተይው፣ ልቀቂ» አልኳት። «ያንቺ እግር አይደለም። እኔ ነኝ። ግራና ቀኙን አቀያይሬ ገጥሜዋለሁ።»

ትስቅብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ወርዳ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አባዬ እኮ ያውቃል» አለች።

«ምኑን?»

«ፍሬኑ ልክ እንዳልሆነ። ሰኞ ገና ከግቢ ስንወጣ ነው ያወቀው። በከባድ ማርሽ ውረጂ፣ ደጋግመሽ እየረገጥሽ ያዢ አለኝ። ራሱ የእጅ ፍሬኑን ጨብጦ ነው እስከ ሆስፒታሉ በር የወረደው። ረቡዕም እንደዚያው።»

አባዬ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል። ከሹፌሩ ጎን ሲቀመጥ ለእጅ ፍሬኑ የምትቀርበው ግራ እጁ ናት፤ ለእጥበቱ መርፌው የሚገባባት፣ ያበጠችው እጁ።

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አትንገሪው አለኛ። ልጄ እንቅልፍ አላገኘም፣ ትንሽ ይረፍ፣ ራሱ ይደርስበታል አለ። ዛሬ እኔ አላስችል ቢለኝ ነው እየው ያልኩህ።»

ካሊፐሮቹን አውጥቼ አቀያየርኳቸው። ብሎኖቹ ከላይ ሆኑ፤ ቁጢጥ ብዬ ከፈትኳቸው። አረፋው እየተንተከተከ ወጣ፣ ወጣ፣ አለቀ። ፔዳሉ ግማሽ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ድንጋይ ሆነ» አለች እህቴ፤ ፕሮፌሰርም አላለችኝ።

ጠዋት እኔ ነዳሁ፤ እህቴ ከኋላ ተቀመጠች። አባዬ ከጎኔ ገብቶ ቀበቶውን አሰረና ግራ እጁን የእጅ ፍሬኑ ላይ አሳረፈ። የግቢያችን በር ጋ ስደርስ ፍሬኑን ረገጥኩት፤ መኪናው ቀጥ አለ።

«አባዬ፣ አሁን ይይዛል። የኔ ጥፋት ነበር።»

«ነግራኛለች።»

«እጅህን አንሳው፣ ያምሃል።»

«አንተንስ አምኛለሁ» አለ መንገዱን እያየ። «እጄ ለምዶ ነው እንጂ።»

ቁልቁለቱን እስክንጨርስ አላነሳውም። እኔም ደግሜ አንሳ አላልኩትም።