የሚቆመውና የሚሰቀለው

ሸሪፋ ከኩሽናው በር ላይ ንቅንቅ አላለችም። ባሏ የሞተባት ሴት ከፍራሽ ላይ፣ ከሐዘንተኛ መሃል ነው የምትቀመጠው፤ እሷ ግን ዘይኑልአቢዲን ከተቀበረ ጀምሮ ጀርባዋን ለኩሽናው መጋረጃ ሰጥታ ሰሌን ላይ ቁጭ ብላለች። ለተዕዚያ የሚመጡት የደሴ፣ የሆጤ ሰፈር ሴቶች ጎንበስ እያሉ «አብሽሪ፣ ሶብር አድርጊ» ሲሏት አንገቷን ትነቀንቃለች። ዓይኗ ግን ከማዶ አይነሳም።

ማዶ፣ ፍራሹ ላይ፣ ረሂማ አለች። ጣውንቷ፤ የኮምቦልቻዋ።

«ውሃ ልቅዳ» ብላ ረሂማ ተነሳች። ረጅም ናት፤ ስትነሳ ጥቁር ሻሿ የጣራውን ማገር ሊነካ ምንም አልቀረው።

«ተቀመጪ። አባይነሽ ትቀዳልሻለች።»

«እጄ አልተሰበረም እኮ፣ እታለም።»

«እንግዳ ነሽ። የሰው ኩሽና አይገባም።»

ረሂማ ሴቶቹን አየት አደረገችና ተመልሳ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይቶ ለቅሶዋን ቀጠለች። ከወገቧ ታጥፋ ነው የምታለቅሰው፤ ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ ሰው ሁሉ «አዪ፣ ልጅ እግሯን» እያለ አብሯት ያነባል። ሸሪፋ ያለቀሰችው የሞተ ዕለት ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ የረሂማን ለቅሶ ስታዳምጥ የራሷ እንባ አልመጣ ብሏታል።

ጎረቤቷ አባይነሽ ንፍሮ በሰፌድ ይዛ ከኩሽናው ስትወጣ እግሯን ተራመደችው።

«አንቺ፣ ወርቅ ቀብረሻል እንዴ እዚህ ውስጥ?» አለቻት ጆሮዋ ስር። «እግርሽን ስዘል ጉልበቴ ወለቀ።»

«እሷ እንዳታይብኝ ነው።»

«ምኑን?»

«ቁምሳጥኔ ግማሽ መሆኑን። ‹ለካ ለዚችስ ይኼን ብቻ ነው የሠራላት› ብላ ኮምቦልቻ ወርዳ እንድትስቅብኝ?»

አባይነሽ ሰፌዱን አስተካክላ ወደ ሴቶቹ አለፈች። ነገሩን ከሥሩ ታውቀዋለች።

ዘይኑልአቢዲን አናጢ ነበር። ሳምንቱን እኩል ከፍሎ አንዴ ደሴ፣ አንዴ ኮምቦልቻ ይሠራል። የአናጢ ሚስት ሆና ድስቷና እህሏ መሬት ላይ መቀመጡ ሸሪፋን ያንገበግባት ነበር። የኩሽና ቁምሳጥን ሥራልኝ ብላ ስትጨቀጭቀው አይቆጣም። ከኪሱ የክብሪት ቀፎ ያወጣና እንጨቶቹን ሰሌኑ ላይ አንድ በአንድ ይደረድራቸዋል። አንዱ ክብሪት በእጁ ሊገባ የሚችል አንድ ጣውላ ነው።

«ይኼ ታች የሚቆመው፤ ለድስትና ለእህል» ይላል። «ይኼ ደሞ ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው፤ ለሲኒ፣ ለቅመም። በሩ አራት። ለበሩ ሁለት ሁለት ማጠፊያ። ኮላው ከማኅበሩ ይገኛል፣ ሚስማሩን ከአሮጌ ሣጥን እነቅላለሁ።»

ከምን ላይ ስንት እንደሚያተርፍ፣ የትኛው ጣውላ ፊት ለፊት፣ የትኛው ጎባጣ ከኋላ እንደሚውል ሲያስረዳት ሸሪፋ ቁምሳጥኑ ተሠርቶ ያለቀ ያህል ይታያታል። እጁ ግን እዚያ ላይ አይቆምም። ከጎኑ ሌላ መደርደር ይጀምራል።

«ያ ደሞ የማን ነው?»

«የወዲያኛው ቤት።»

ለአንዷ ሻሽ ከገዛ ለሌላዋም ሻሽ ነው። ለአንዷ ብርድ ልብስ፣ ለሌላዋም ብርድ ልብስ። አላህ ፊት የምጠየቀው በዚህ ነው ይላል። ጣውላው የሚገኘው በአናጢዎቹ ማኅበር በኩል፣ በወረፋ ነው፤ ከድርቁ ወዲህ ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። ሁለተኛው ቁምሳጥን ሳይጋመስ ክብሪቱ ያልቃል። «አልደረሰም» ይልና ሁሉንም ሰብስቦ ወደ ቀፎው ይመልሳል። ስንት ጊዜ ደረደረው፣ ስንት ጊዜ አልደረሰም!

አምና፣ ከረመዳን በኋላ፣ የሚቆመውን ሠርቶ አስገባላት። «የሚሰቀለውስ?» ስትለው «ታገሺ» አላት። ታገሠች። ብዙም ሳይቆይ ግን ዘይኑልአቢዲን መናኸሪያ ላይ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ትልቅ ነገር የኮምቦልቻ አውቶቡስ ጣራ ላይ ሲያስጭን ታየ የሚል ወሬ ሰፈር ገባ።

«ምን ነበር የጫንከው?»

«የዚያን ቤት ነገር እዚህ አላወራም፤ የዚህንም እዚያ አላወራም» አላት። ይህ ሕጉ ነበር፤ አንድም ቀን አፍርሶት አያውቅም። ሸሪፋ የቀረውን ራሷ ሞላችው፤ ለእኔ ግማሽ፣ ለልጅ እግሯ ሙሉ። ከዚያ ወዲህ ሲስቅም፣ ሲታመምም፣ ደረቴን ብሎ የተኛ ዕለት እንኳ፣ እሷ ልታውቅ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ማንኛችንን አስበለጠ?

ከሰዓት በኋላ ከኮምቦልቻ የመጡ አንዲት ባልቴት ከረሂማ ጎን ተቀምጠው የሟችን ነገር ማንሳት ጀመሩ።

«መላጊያውን ሲገፋ የሚያንጎራጉረው ነገር! እኛ አጥር ድረስ ይሰማ ነበር። አላህ ይራህመው።»

«አዎ፣ እማማ» አለች ረሂማ። «ጠዋት ጠዋት።»

ሸሪፋ ይህን ሰው ሲያንጎራጉር ሰምታው አታውቅም። ተነስታ ባልቴቷን ከበር ማስወጣት አማራት፤ ሰሌኑን ጭምድድ አድርጋ ያዘች።

ሦስተኛው ቀን ዱዓው ተደረገ፤ ሰዉ ተበተነ። ረሂማ ኢዳዋን፣ የባሏን የሐዘን ወራት፣ በገዛ ቤቷ ልትቀመጥ ወደ ኮምቦልቻ መውረጃዋ ነው። ነጠላዋን አስተካክላ ሸሪፋ ፊት ቆመች።

«እታለም፣ ካስቀየምኩሽ አውፍ በይኝ።»

«አውፍ ብያለሁ።»

«አላልሽም።» ረሂማ ወደ መጋረጃው በአገጯ አመለከተች። «እኔ እኮ ልነጥቅሽ አልመጣሁም። ሙሉውን ለአንቺ ሠራ፤ ይሁን፣ ቀዳሚዋ አንቺ ነሽ። ግን አየችብኝ ብለሽ እንደ ሌባ ስትጠብቂኝ መሰንበትሽ…»

«ምን ሙሉ?»

«የሚቆመውንም የሚሰቀለውንም። የሚቆመው ይኼው ደሴ ገባ ሲሉ ሰምቻለሁ። የሚሰቀለውንስ ቢሆን ቀድሞ ለአንቺ ሳይሰቅል ይቀራል? ለእኔ አንዷን አምጥቶ ‹ታገሺ› ብሎኝ ቀረ። ድስቴ ዛሬም መሬት ላይ ነው።»

ሸሪፋ ለጊዜው አልገባትም። «በብርድ ልብስ የተጠቀለለው…»

«እሱ ነዋ። የሚሰቀለው።»

ሸሪፋ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሳች። መጋረጃውን ገለጠችው።

ረሂማ ጎንበስ ብላ ገባች። ከታች የሚቆመው ቁምሳጥን አለ፤ ሁለት በሩ ገጥሞ ተዘግቷል። ከላዩ ግድግዳው ባዶ ነው። ሲኒዎቹ መስኮቱ ስር በካርቶን ተቀምጠዋል። ረሂማ በሩን ከፍታ ዘጋችው፤ ማጠፊያውን በጣቷ ዳሰሰችው።

«የእኔም እንጨቱ እንዲህ ነው፣ ቀይ» አለች። ከዚያ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሳቅ ይሁን ለቅሶ ሸሪፋ አልለየችውም።

«ከአንድ እንጨት ነው የወጡት» አለች ሸሪፋ። «ለሁለት ሙሉ አልደርስ አለው። ምናለ ቢናገር?»

«እኔ ቤት አይናገርም። ሲመጣም ሲሄድም ዝም ነው።»

«ያንጎራጉራል አሉ።»

«ማንጎራጎርማ ያንጎራጉራል። እዚህስ?»

«እዚህ ያወራል። ክብሪት ደርድሮ፣ ይኼ ለዚህ፣ ያ ለዚያ እያለ።»

ረሂማ ዓይኗን ከሸሪፋ ላይ አላነሳችም። «ያወራል?» አለች ቀስ ብላ። ፊቷ ላይ የመጣውን ነገር ሸሪፋ ወዲያው አወቀችው፤ ሦስት ቀን ሙሉ በራሷ ደረት ውስጥ ሲብላላ የሰነበተ ነው። ማየቱ ደስ ይለኛል ብላ ታስብ ነበር። ደስ አላላትም።

«የእኔ የሚሰቀለው እዚህ ቢሆን ግርጌው እስከ የት እንደሚደርስ ላሳይሽ?» አለች ረሂማ። መልስ ሳትጠብቅ እጇን ዘረጋችና መዳፏን ባዶው ግድግዳ ላይ ለጠፈችው።

«እንዳትነቃነቂ።»

ሸሪፋ ከምድጃው የጠፋ ከሰል አነሳች። አናጢ ጣውላ ሲያቃና እንደሚያደርገው አንድ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከጣውንቷ መዳፍ ስር ጀምራ እስከ ግድግዳው ዳር ቀጥ ያለ መስመር አሰመረች። መስመሩ እስኪያልቅ ረሂማ እጇን አላወረደችም።