በረዶ ላይ የሚከፈል ስለት

ባሌ ፈንቴ እሽ ማለት የጀመረው እኔ ከሞት አፋፍ ከተመለስኩ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በእኛ ቤት እሽ የሚባል ነገር አይታወቅም ነበር። በጨው እንጣላለን፣ በፍየል እንጣላለን፣ ሰሊጡን ዛሬ እንጨደው ነገ እንጨደው ብለን እንጯጯሃለን። መንደራችን ኮኪት ውስጥ የእኛን ጭቅጭቅ ሳይሰማ ውሎ የሚገባ ሰው ካለ ጆሮው የማይሰማ ነው። ግን እንዋደድ ነበር፤ ይህንንም አገር ያውቃል።

በ1967 መስከረም ላይ ወባ ጣለችኝ። ንጉሡ ከዙፋን የወረዱበት ሰሞን ነው። ሰው ሁሉ ሬዲዮ ከብቦ ስለ ደርግ ሲያወራ እኔ ጠፍር አልጋዬ ላይ እነድ ነበር። ጎረቤታችን መነን፣ “ግንባሯ ላይ በረዶ ካልተደረገላት አትተርፍም” አለች። እኛ ቆለኞች የምናውቀው በረዶ ከሱዳን፣ ከገዳሪፍ በጆንያ ተጠቅልሎ በጭነት መኪና የሚመጣውን ነው። ክረምት ደግሞ ጭቃው መኪና ስለማያሳልፍ አይመጣም። ፈንቴ እስከ ጠረፉ ሮጦ ባዶ እጁን ተመለሰ። ያኔ ነው አልጋዬ ሥር ተንበርክኮ የተሳለው፦ “ሦስቱን ልጆች ከእሳት ያወጣህ ገብርኤል፣ ጸዳለን ከዚህ እሳት ካወጣህልኝ በረዶ ከሚወርድበት ተራራ ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ። በባዶ እግሬ በረዶው ላይ ቆሜ አመሰግንሃለሁ።” እኔ አልሰማሁም፤ የነገረችኝ መነን ናት።

እኔ ዳንኩ። ሕመሙ የተጋባው ወደ ፈንቴ ነው።

ወጥ አሳርሬ ሳቀርብለት “እሽ፣ ይጣፍጣል” ይላል። ሆን ብዬ እናቱን ብሰድብበት፣ “እሽ፣ አንቺ ብቻ አትናደጂ፤ ሕመሙ ይነሣብሻል” አለኝ። ውሃ ልቀዳ ስወጣ ከኋላዬ ነው፤ እንጨት ስለቅም ከጎኔ ነው። ትንሽ ካስነጠሰኝ ፊቱ አመድ ይመስላል። በነፋስ መካከል የበራ ጧፍ ይዞ እንደሚሄድ ሰው ነበር የሚጠብቀኝ። አንጀቴ አረረ። በቁሜ የሚያለቅስብኝ ባል ምን ያደርግልኛል? እኔ የምፈልገው ያንን ነገረኛውን፣ ጮኾ የሚያስጮኸኝን ፈንቴን ነው።

ሰሊጡ ተሸጦ፣ ማሽላው ገብቶ የካቲት ሲደርስ ሰውዬው ጭራሽ መቀመጥ ተሳነው። ደጅ ይወጣል፣ ይገባል፤ ወደ ምሥራቅ ያያል፣ ደግሞ እኔን ያያል። የንስሐ አባታችን አባ ገብረማርያም ነገሩን ሰምተው መጡ።

“ልጄ፣ ጥላና ጧፍ አስገባና ይብቃህ። ስለቱን እኔ እለውጥልሃለሁ” አሉት።

“ይማሩኝ አባ፤ አይሆንም። ከአፌ የወጣው በረዶ ነው፤ ጧፍ አይዶለም።”

ያን ሰሞን የመሬት ለአራሹ አዋጅ ወጥቶ ነበርና ጎረቤት ሁሉ፣ “መሬት ሊደለደል ነው፤ አሁን አገር ጥሎ የሚሄድ ሰው ምን ሊያገኝ ነው?” ይለን ጀመር። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ከመሬቱ ይልቅ ባሌን አስቀደምኩ። ስለቱ ተከፍሎ ይህ ፍርሃት ይልቀቀው ብዬ፣ “እኔም አብሬህ እሄዳለሁ” አልኩት። “እሽ” አለ። “አብደሻል? የትም አትሄጂም!” ብሎ ቢጮህብኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

በመጋቢት የጓንግ ሸለቆ ምድጃ ነው። ሳሩ ተቃጥሎ መሬቱ ጠቁሯል፤ ዛፉ ሁሉ ቅጠሉን አራግፎ እርቃኑን ቆሟል። ወንዙ አሸዋ ብቻ ሆኖ ስለነበር ዝንጀሮዎች የቆፈሩትን ጉድጓድ በእጃችን አስፍተን ጠጣን። ዝንጀሮዎቹ ገደሉ ላይ ተቀምጠው ሰደቡን። ፈንቴ ያንን ሐሩር በሩጫ ነው ያቋረጠው። አንድ እግሩ መሬት ሳይነካ ሌላው ይነሣል፤ በመሃል ግን ዞር ይልና፣ “ደከመሽ? ልዘልሽ?” ይለኛል።

“ጤነኛ ነኝ! ካንተ እሻላለሁ!”

“እሽ።”

እውነቴን ነበር። ከሕመሜ ወዲህ እንደዚያ ጉልበት ተሰምቶኝ አያውቅም። ጭልጋን አልፈን ነፋሱ ሲቀዘቅዝ ልቤ ተነሣ፤ ከእያንዳንዱ ኮረብታ ወዲያ ያለውን ለማየት ቸኮልኩ። ጎንደር ከተማ ወታደሩ በዝቶ፣ ሰዉ በየጥጉ ያንሾካሹካል፤ እዚያም አልቆየንም። ደባርቅ ላይ ዘማች ተማሪዎች እየዘመሩ ሲያልፉ በሶ በጥብጬ ሰጠኋቸው። አንዱ፣ “ወዴት ናችሁ እናቴ?” ቢለኝ፣ “በረዶ ልንረግጥ” አልኩት። የቀለድኩበት መስሎት ሳቀ።

ከደባርቅ ወዲያ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ሸለቆውን በሩጫ ያለፈው ሰው ተራራው ሲቀርብ እግሩን መጎተት ያዘ። ሳንቃበር ላይ ቁርጭምጭሚቴን አመመኝ አለ። ጭንቅ ከሚባለው ቦታ አጠገብ አየሁሽ የምትባል ገብስ ገበሬ በጎጆዋ አሳደረችን። ጠዋት ወጣ ብላ ቧሂት ተራራን አይታ ተመለሰችና፣ “ሌሊቱን የበልጉ ዝናብ በረዶ ሆኖ ወርዷል። ፀሐይ ሳይበላው ድረሱበት” አለችን።

ፈንቴ እሳቱን እየቆሰቆሰ፣ “ነገ ይሻላል” አለ።

በነጋታውም “ነገ” አለ። በዚህ ጊዜ ኩታውን ይዤ ጎተትኩት። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ጅብራ በሚሉት ሰው በሚያህል የደጋ ተክል መካከል ሽቅብ ስንወጣ ትንፋሻችን ያጥረናል፤ አሥር እርምጃ እንሄድና እንቆማለን። ፀሐይ ወደማይደርስበት ጎድጓዳ ስፍራ ስንጠጋ አየሁት። እኔ የጠበቅኩት እንደ ገዳሪፉ ድፍን ድንጋይ ያለ ነገር ነበር። ይህ ግን ዱቄት ነው፤ ገደሉን ሙሉ የተደፋ ነጭ ዱቄት። ብሞት ኖሮ ይህን ሳላይ ነበር የምሞተው።

ፈንቴ በረባሶውን አውልቆ በረዶው ዳር ቆመ። ቆመ። አልተንቀሳቀሰም።

“ግባ እንጂ!”

“ቆይ።”

“ምን እስኪሆን ነው የምቆየው?”

ፊቱን አዞረና፣ “ጸዳለ፣ ስለት ያለበትን ሰው ገብርኤል አይረሳውም” አለኝ፤ ድምፁ ተሰባብሯል። “እስካሁን ያቆየሽ አለመክፈሌ ቢሆንስ? ዛሬ ከፍዬ ነገ ብታመሚ ማንን እይዛለሁ? በምን አፌ እለምነዋለሁ?”

ይሄኔ ነው መሮጡም መጎተቱም ከምን እንደመጣ የገባኝ። አዘንኩለት። ከማዘኔም በላይ ደሜ ፈላ።

“እና እኔ መያዣ ነኝ? ገብርኤልንስ ምን አድርገኸው ነው፣ አራጣ አበዳሪ? እኔ እንደሆንኩ ዛሬም ነገም ሟች ነኝ፤ አንተም ሟች ነህ። እስክሞት ድረስ ግን ሚስትህ ልሁን፤ አስከሬን አታድርገኝ!”

“እሽ፣ አትናደጂ፣ ይነሣብ…”

አላስጨረስኩትም። በሁለት እጄ ገፋሁት።

ተንሸራቶ በቂጡ በረዶው ውስጥ ዘጭ አለ። ሰማይ የሚቀድ ጩኸት ጮኸ። ከዚያ ተነሥቶ በባዶ እግሩ ነጩ መካከል ቆመ፤ አንዱን እግሩን ያነሣል፣ ሌላውን ያነሣል፣ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል፣ እንባው ይወርዳል። “ገብርኤል ተመስገን፣ ተመስገን፣ ተመስገን” አለ እየዘለለ። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ተንበረከክሁ።

ሲወጣ እግሩ በርበሬ መስሏል። በረባሶውን እያሰረ ቀና ብሎ አየኝ፤ ዓይኑ ሌላ ነው።

“ገፋሽኝ።”

“ገፋሁህ።”

“በስለቴ ላይ! መልአኩ እያየ!”

“መልአኩማ ‘ይህ ሰው መቼ ነው የሚገባው’ ብሎ ሲሰለች ነበር።”

“ዝም በይ! አንቺ ድሮም ባለጌ ነሽ!”

ባለጌ አለኝ! ከመስከረም ወዲህ እንዲህ ያለ ጣፋጭ ቃል አልሰማሁም። መልሼ ሰደብኩት። ቁልቁለቱን እየተጯጯህን ወረድን። እሱ ከፊት ይራመዳል፤ ወደኋላ ዞሮም አያየኝም። እናቱን የሰደብኩትን አንሥቶ ጮኸብኝ፤ ለካ ስድብ በስድብ አጠራቅሞ ይዞታል። በሶውን መንገድ ላይ ላገኘኋቸው ዘማቾች ማደሌንም ጨመረበት። “እኛ ምን ልንበላ ነው? አንጎል የለሽም?” አለኝ። የተራራው ገደል ጩኸታችንን እየተቀበለ ይመልስልናል።

ጎጆዋ ዘንድ ስንደርስ አየሁሽና ጎረቤቷ አያ ሸጋው እየሮጡ ወጡ። ሽማግሌው በትራቸውን ዘርግተው መካከላችን ገቡ።

“ኧረ በገብርኤል! ኧረ ተዉ! ልጄ፣ ምን በደለችህ?”

“ይቺ ሴት…” ብሎ ፈንቴ ሊጀምር ሲል አፉን በእጃቸው ያዙት። አየሁሽ ደግሞ እኔን እቅፍ አደረገችኝ። እንባዬ ጉንጬን ሲያርሰው አይታ ከፍቶኝ መስሏታል።

“እታለም፣ በይ ይቅር በይው፤ ወንድ ሲቆጣ እንዲህ ነው” አለችኝ።

“አንቺየ፣ በእግዜር ይሁንብሽ” አልኳት እጇን ይዤ፣ “አታስታርቁን። ገና አሁን መጀመራችን ነው።”

አየሁሽ ግራ ገብቷት አያ ሸጋውን አየቻቸው። አያ ሸጋውም እኔን አዩኝና እጃቸውን ከባሌ አፍ ላይ አነሡ። ፈንቴ ትንፋሹን ሰብስቦ ካቆመበት ቀጠለ።