ጠያቂ

ተስፋሁን የሆድ ቀዶ ሕክምና አድርጎ ወደ ቤቱ በተመለሰ በማግስቱ፣ ሚስቱ ሰርካዲስ ስልኩን ዘጋችና «እትዬ ዘቢደር ነበሩ፤ ዛሬ ሊጠይቁህ ይመጣሉ» አለችው። በቃ፣ የሰውየው ሕመም ከሆዱ ወደ ጭንቅላቱ ወጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባልድዊን ሂልስ ሰፈር ቤት ሲገዛ የባንኩ ብድር አልበቃ ብሎት ነበር። የሐበሻ መንደር በሆነው ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ምግብ ቤት ያላቸው እትዬ ዘቢደር፣ ወጥ ሲሠሩ ያጠራቀሙትን ገንዘብ፣ ከባንኩ ቀጥሎ ቤቱን ሁለተኛ መያዣ አድርገው አበደሩት። ኋላ እጁ አጠረ፤ የቤቱም ዋጋ ከዕዳው በታች ወረደ። በሾርት ሴል፣ ማለት አበዳሪዎቹ ፈቅደውለት ከዕዳው ባነሰ ዋጋ ከመሸጥ ሌላ መንገድ ሲያጣ፣ የሁለተኛዋ አበዳሪ ፈቃድ ግድ ነውና ለመናቸው፤ ቀሪውን ዕዳ ላይጠይቁት ፈረሙለት። ባንኩ የሽያጩን ገንዘብ ጠራርጎ ወሰደ። ለእሳቸው የደረሳቸው የወር ኪራይ እንኳ አይሞላም፤ የቀረውን ውሃ በላው። ቤቱን የሸጠለት ደላላ ዘሪሁን ግን «አይዞህ፣ ፈርመዋል፤ ከእንግዲህ በሕግ ሊጠይቁህ አይችሉም» አለው።

ተስፋሁን ሕግ ነፃ ካወጣው ቀን ጀምሮ ነፃ ሆኖ አያውቅም። ምግብ ቤታቸውን ላለማየት ፌርፋክስን በማዶ በኩል ያልፋል፤ ከቤተ ክርስቲያን ቅዳሴው ሳያልቅ ሹልክ ይላል። እግዜር ያሳያችሁ፣ ያን የሚያህል ሰውዬ። የፈሩት ይደርሳል፤ ይኸው ደረሰ።

ለዘሪሁን ደወለ። «ሊጠይቁኝ ነው።»

«አይችሉም አልኩህ እኮ። ሎየር ቢይዙም የትም አይደርሱም።»

«እየመጡ ነው እያልኩህ።»

«ሶ፣ በሩን አትክፈት።»

ተገላበጠ። ተነሥቶ መጋረጃውን ገለጠ፤ መለሰው። ስፌቱ ሲያመው ተቀመጠ፤ ደግሞ ተነሣ። የሚላቸውን ሊለማመድ «በሕግ...» ብሎ ጀመረና አፉ ላይ ደረቀበት። አፈረ። ሰርካዲስን «ተኝቷል በያቸው» ሊላት ሲዞር በሩ ተንኳኳ።

እትዬ ዘቢደር አጥሚት በፔርሙስ ይዘው ገቡ። ግንባሩን ዳሰሱት፤ ብርጭቆ አስመጥተው ቀዱለት። ስለ ስፌቱ ጠየቁ፤ ጨው ቀንስ አሉት። እሱ የገንዘቡ ነገር መቼ ይነሣል እያለ፣ ጣዕሙን ሳያውቀው አጥሚቱን ጨለጠ። ሊሄዱ ቦርሳቸውን ሲያነሡ መቻል አቃተው።

«እትዬ፣ እኔማ... ስለዚያ ገንዘብ ሊጠይቁኝ የመጡ መስሎኝ ነበር።»

እትዬ ዘቢደር ቦርሳቸውን መልሰው አስቀመጡ።

«ገንዘቡንማ የፈረምኩ ዕለት ተውኩት። አምና ጉልበቴን ታምሜ ስተኛ ግን በር በሩን ሳይ ነበር የምውል። የፌርፋክስ ሰው ሁሉ መጣ፤ አንተ ቀረህ። እንዳልጠይቅህ የፈረምኩት እኔ ነኝ ልጄ። አንተን እንዳትጠይቀኝ ማን አስፈረመህ?»

ተስፋሁን ብርጭቆውን አስቀምጦ ተነሣ። ሰርካዲስ ብትቆጣውም ስፌቱን በእጁ ደግፎ ተከተላቸው፤ እስከ ምግብ ቤታቸው በር ድረስ ሸኛቸው።