ከአንድ ጣሳ የወጣ

ሚስትየው ብሩሹን እዚያው ጣሳ ውስጥ እንደገና ነከረችና ከመስኮቱ በስተግራ መዳፍ የምታክል ቦታ ክሬም ቀለም ቀባች። በስተቀኝም ከዚያው ጣሳ የወጣች ሌላ ናሙና አለች። መንትያ እንኳ እንደ ሁለቱ አይመሳሰልም። ብሩሹን አጥባ ጣሳውን ከሶፋው ጀርባ ደበቀችና ቁጭ ብላ ጠበቀች።

ነገሩ ከጀመረ ሳምንት አልሞላውም። የራሱን ሸሚዝ ከወንድሙ ሸሚዝ መለየት የማይችለው ባሏ በድንገት "ቤቱ ይቀባ" ብሎ ተነሳ። ቀለም የሚመርጥ ባለሙያም አገኘሁ አለ። ባለሙያው ከትናንት በስቲያ ሲመጣ ግድግዳውን ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። ጣሪያውን አንጋጦ አየ፣ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ከፍቶ ዘጋ፣ ጎረቤት ይረብሽ እንደሆን ጠየቀ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል በዓይኗ አልዞረም። ቤቱ የሁለት ሰው ላብ ነው፤ ከእሱ ሌላ መግቢያ የላትም።

ባልየው እንግዳውን አስከትሎ ገባ።

"ባለሙያችን መጣልሽ!" አለ፣ ደስታው ትንሽ በዝቶ።

"እንኳን ደህና መጡ፣ አረፍ ይበሉ። እኔማ መምረጥ አቅቶኝ ግራ ገብቶኛል። ከሁለቱ የቱ ይሻላል?" ወደ ግድግዳው ጠቆመች።

እንግዳው አንድ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ራቅ አለ፣ ቀረብ አለ። "የግራው፣ እህቴ፣ ቤቱን ያጠብበዋል። የቀኙ ግን ብርሃን አለው። አንደኛ!"

"አላልኩሽም?" አለ ባልየው። "ዓይን ማለት ይሄ ነው።"

"እውነትም ዓይን!" ሳቋን ዋጥ አደረገችው። "ለነገሩ ሁለቱንም ልተወውና ሳሎኑን ደማቅ ወይን ጠጅ ላስቀባው አስቤያለሁ።"

"ኧረ እህቴ!" እንግዳው እጁን አወናጨፈ። "ታዲያ ማን ይገዛዋል? ገዢ የሚወደው ነጣ ያለ..."

ምላሱን ነከሰ፤ ግን ረፍዷል። ባልየው የጫማውን ጫፍ ያይ ጀመር።

ሚስትየው ጣሳውን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። "ግራውም ቀኙም ከዚህ የወጣ ነው፣ ደላላዬ።" ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። "ለእኔ መቼ ልትነግረኝ ነበር? ዕቃዬን ስጭን?"

"ነገሩን መስመር አስይዤ... አነስ ያለ ቤት እንገዛለን፣ በተረፈው ሱቅ እንከፍታለን ብዬ ነው። ብነግርሽ እንደማትስማሚ አውቃለሁ።"

"አውቀህ ነዋ የደበቅከኝ!"

"እኔ እንኳ... ቀጠሮ ነበረኝ" አለ ደላላው። በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ወጣ።

ባልየው አንገቱን እንደደፋ፣ "እሺ፣ አሁን ምን ይሁን ነው የምትይው?" አለ።

"ቀለም መሸጫው ሳይዘጋ ሂድና ወይን ጠጁን ይዘህ ና። ለበረንዳውም የሚበቃ ይሁን።"

"ከምርሽ ነው? ለበረንዳው? መንገደኛው ሁሉ እያየው?"

"አዎ፣ ይየው እንጂ።"

ሚስትየው ወይን ጠጅ ቀለም ወዳ አታውቅም። ሶፋውን ከግድግዳው ፈቀቅ ታደርግ ጀመር።